በሩ ደብረ ታቦር፣ ቁልፉ አዲስ አበባ

«ሲስተም የለም!»

ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። በቅርቡ በከተማችን በአንድ የገንዘብ ተቋም ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ከጉና ሥር የመጡ እናት ቆመዋል። ድንች ሸጠው ለማዳበሪያ ያስቀመጡትን ብር ሊያወጡ ነው። ገንዘብ ከፋይዋ «እማማ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» አለቻቸው። «የት ሄዶ ነው ልጄ?» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄው አብሮኝ ቤት ገባ።

ሲስተሙ የትም አልሄደም። ሰርቨሩ እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው። የጠፋው የሚነካው ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁን ጠየቅሁት። የኮምፒውተሩን ሥራ በሙሉ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት በውል ሰጥተዋል፤ ዋናው የይለፍ ቃልም ያለው እነሱ ዘንድ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ካለ ከርቀት ገብተው ያስተካክላሉ። ከሌለስ? «እንጠብቃለን» አለኝ።

መጠበቅ ማለት እዚህ አገር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ኖረናል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ባለሙያውም በመኪና አይመጣም። ይህን እያወቀ ቁልፉን በሙሉ ለሩቅ ሰው ያስረከበ ተቋም ወጪ አልቆጠበም፤ ወጪውን ወረፋ ላይ ለቆሙት እናት አሸከማቸው እንጂ።

«ባለሙያ ቀጥሮ ማቆየት ውድ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው። አንድ ትንሽ ተቋም የኔትወርክ፣ የዳታቤዝና የደኅንነት ባለሙያ ለየብቻ መቅጠር አይችልም። ሥራን በውል መስጠት ነውር የለውም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ የቴሌን አስተዳደር ለፈረንሳይ ቴሌኮም ሰጥቶ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ፤ ቅሬታውም ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ውሉ ማብቂያ ነበረው፤ ሲያበቃም አስተዳደሩ ወደ ኢትዮጵያውያን ተመለሰ። የእኛ ከተማ ተቋማት ውል ማብቂያው የት ነው? ተረካቢውስ ማን ነው?

ሩቅ ሳንሄድ ጋፋትን እንይ። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ አጠገባችን አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖልን አሠሩ። ንጉሡ መድፉን ብቻ ሳይሆን ጥበቡንም ፈልገው ነበር፤ ወጣቶችን ከባለሙያዎቹ ጋር ያሰለጠኑት ለዚህ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ወደቁ፤ ባለሙያዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። የጋፋት እሳት ግን ጠፋ። ዕቃ ይቀራል፤ ዕውቀት ካልተተካ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ ስዊድንን ይጠይቅ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የሌሎችን ኮምፒውተር ከርቀት የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች የሚገለገሉበት የካሴያ ሶፍትዌር ተጠለፈ። ኮፕ የተባለው የስዊድን የሱፐርማርኬት ድርጅት ከ800 ገደማ መደብሮቹ አብዛኞቹን ዘጋ። ኮፕ ራሱ የካሴያ ደንበኛ አልነበረም፤ የሒሳብ መቀበያ ማሽኖቹን የሚያስተዳድርለት ድርጅት እንጂ።

ስለዚህ ለከተማችን ሥራ አስኪያጆች የምለው ይህ ነው። ውሉን አትቅደዱ፤ አስተካክሉት። ዋናው የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ በካዝናችሁ ይቀመጥ። የመረጃው ቅጂ በእጃችሁ ይኑር፤ እንደሚሠራም በየጊዜው ይሞከር። ብልሽት በስንት ሰዓት እንደሚጠገን፣ ካልተጠገነም ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ እዚሁ የሚኖር አንድ ሰው ይሠልጥን። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የኮምፒውተር ተማሪዎችን ያስመርቃል፤ ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይነጉዳሉ። ለአንድ ተቋም አንድ ሰው መቅጠር ከበደ? ሦስት አራት ሆናችሁ በጋራ ቅጠሩ። ዕድርና ደቦ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

እኒያ እናት በማግስቱ ተመልሰው መጡ። አሁንም ሲስተም አልነበረም። «የት ሄዶ ነው?» ላሉት ጥያቄ መልስ የሚሰጣቸው ግን እስካሁን አልተገኘም።

በእናንተ አካባቢስ ቁልፉ በማን እጅ ነው?