ዝናብ የፍሳሽ መኪና አይደለም!

የቤቴል ሰፈር ነዋሪዎች፣

ሽንት ቤት ሲዘጋ «ሠራተኛዋ ናት» ማለት ለምዶብናል። የሚዘጋው ሞዴስ፣ ፓምፐርስ፣ ጨርቅና የወጥ ቅባት ነው፤ የምንጥለውም ሁላችንም ነን። እኔ ራሴ ባለፈው ክረምት ከቤቴ ቱቦ የልጄን ካልሲ ጎትቼ አውጥቻለሁ።

የሚያናድደው ግን መዘጋቱ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ጉድጓዱ ሞልቶ ሽንት ቤቱ አልወርድ ሲለው፣ ለመኪና ላለመክፈል ዝናብ ጠብቆ በሌሊት ወደ መንገዱ ቦይ ይለቀዋል። «ጎርፍ ይወስደዋል» ይላል። ወዴት ነው የሚወስደው? ታች ያለው ጎረቤት ደጃፍ፣ ልጆች የሚረግጡት ውሃ ውስጥ! በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ የገባውን አተት ረሳነው እንዴ?

ደግሞ አሲድና በረኪና ቀላቅሎ የሚያፈስ አለ፤ ጋዙ ሳንባ ያቃጥላል። የቀን ሠራተኛ ጉድጓድ ውስጥ ማስገባትማ ሰው መግደል ነው፤ እታች ያለው አየር ወዲያው ይጥላል።

መጀመሪያ በጎማ መምጠጫ ሞክሩ። እምቢ ካለ ጉድጓዱን ክፈቱና እዩ። ሞልቶ ከሆነ መኪና ይጠራ። ለብቻው የከበደው ከጎረቤቱ ጋር ተነጋግሮ እሑድ ከስብሰባ በኋላ እኔ ዘንድ ይመዝገብ፤ ከሰኔ በፊት ባንድ ቀን እናስመጥጣለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ