የበጎ አድራጎት ገንዘብ ለገጠሩ ልጅ፦ ክፍል ይሥራ ወይስ ምሳ ያብላ?

አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ለአንድ ወረዳ ልጆች ትምህርት የሚውል ውስን ገንዘብ ይዟል እንበል። አዲስ ትምህርት ቤት ይሥራበት ወይስ ባሉት ትምህርት ቤቶች ምገባ ይጀምርበት? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ክፍል ይሥራ

የገጠር ልጅ ከትምህርት ገበታ የሚቀረው አስቀድሞ በርቀት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ እንዲሄድ የሚፈቅድ ወላጅ ጥቂት ነው። "ትንሽ ጠና ይበልና ይሄዳል" ይባላል፤ ጠና ሲል ግን ከብት ጠባቂ ሆኗል። ለሴት ልጅ ደግሞ መንገዱ ራሱ ስጋት ነው። እስከ አራተኛ ክፍል ሰፈሯ ውስጥ የተማረች ልጅ አምስተኛ ክፍል ያለው ሌላ ቀበሌ ከሆነ፣ ጠለፋ የሚፈራ አባት እቤት ያስቀራታል።

በአፍጋኒስታን ጎር ግዛት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የዳና በርዴና የሊ ሊንደን ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ትምህርት መንደሩ ድረስ ሲመጣላቸው የወንዶችም የሴቶችም ምዝገባ አደገ፤ በሁለቱ መካከል የነበረው የ21 መቶኛ ነጥብ ልዩነትም ተዘጋ።

ግንባታ ደግሞ ይቆያል። ካርልሃይንዝ በም በ1974 ዓ.ም. የመሠረቱት "ሰዎች ለሰዎች" በአገራችን ከ400 በላይ ትምህርት ቤቶችን ሠርቷል። መሥራቹ በ2006 ዓ.ም. ቢያርፉም ክፍሎቹ አብረዋቸው አልሄዱም። ምሳ ግን በጀት ሲያልቅ ያልቃል። እህሉ የዘገየ ሳምንት ክፍሉ እንዴት እንደሚሳሳ ርእሰ መምህሩን መጠየቅ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ምሳ ያብላ

ርቀቱን አልክድም። ነገር ግን ጎርን የጠቀሱት ባልደረባዬ አንድ ነገር ዘለዋል። እነዚያ ልጆች የተማሩት መስጊድን በመሰለ፣ ቀድሞ በመንደሩ በነበረ ቤት ነው። ሴቶቹን ያመጣቸው ቅርበት እንጂ ሲሚንቶ አይደለም።

ወደ እኛው ገጠር እንመለስ። ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው፤ ጎተራ የሚሞላው ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። እስከዚያው ብዙው ልጅ ቁርስ ሳይቀምስ ይወጣል፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ ይደፋል። አዝመራው ሲደርስ ደግሞ ወፍ ጥበቃና አጨዳ ይጠሩታል። ልጅ ትምህርት ቤት ሲውል ቤተሰቡ የሚያጣው ጉልበት አለ፤ የዕለት ምሳ ከዚያ ኪሳራ ጥቂቱን ይክሳል። አዲስ ግድግዳ ምኑን ይክሳል?

ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት ልጆች ጠዋት ከደብተራቸው ጋር አንዳንድ ፍልጥ ይዘው ይመጣሉ፤ እናቶች በትልቅ ድስት ንፍሮ ይቀቅላሉ ወይም ገንፎ ያገነፋሉ። በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል የተጀመረው የአገር ውስጥ ምርት ምገባ ደግሞ እህሉን ከገበሬዎች ዩኒየን ይገዛል፤ ስለዚህ ገንዘቡ ለአባትየውም ይተርፋል። በጋና ብሔራዊ የምገባ ፕሮግራም ላይ የተካሄደ ጥናትም የፈተና ውጤት መሻሻሉን፣ ይበልጥ የተጠቀሙትም ሴቶችና የደሃ ደሃ ልጆች መሆናቸውን አረጋግጧል።

"የሰው ወርቅ" ለተባለው፣ ግንቡስ የማን ወርቅ ነው? በሩ ላይ የለጋሹን ስም የያዘ ቆርቆሮ ተሰቅሎ የለም እንዴ?

የክፍል ይሥራ መልስ

"ቅርበት እንጂ ሲሚንቶ አይደለም" መባሉን እቀበላለሁ፤ እንዲያውም የእኔን ነገር ያጸናል። ምገባ የሚደርሰው ትምህርት ቤት ለደረሰ ልጅ ብቻ ነው። ከተራራው ማዶ የቀረችውን ልጅ ማን ያበላታል? ገንዘቡን በድስት ላይ ስናውለው ቅርብ ያለው ሁለት ጊዜ ይጠቀማል፤ ሩቅ ያለችው ሁለቱንም ታጣለች። የዳስ ክፍልም ቢሆን በበጋ አቧራ፣ በበልግ ጎርፍ ይበትነዋል። ልጆች በግንድ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ሲጽፉ ያየ ሰው ጣሪያና ዴስክ ቅንጦት ነው አይልም።

የምሳ ያብላ መልስ

ከማዶ ያለችውን ልጅ አልረሳኋትም። ለእሷ ከመንደሯ አንድ ቤት ይዞ፣ ፊደል የሚያስቆጥር የአካባቢውን ወጣት ቀጥሮ፣ ምሳም ጨምሮ መጀመር ይቻላል፤ ግንቡ እስኪያልቅ ዕድሜዋ አያልፍም።

ግንብ ተሠርቶ ቁልፉ ሲረከብ መምህር የሚመድበው ወረዳው ነው። በጀት ከሌለው ከነባሩ ትምህርት ቤት ቀንሶ ያመጣል፤ ከዚያ ሁለት የሳሱ ትምህርት ቤቶች ይኖሩናል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ተመዝግበው፣ ክፍል ገብተው የተቀመጡ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ለለጋሹ የምለው አጭር ነው፦ ወረዳው የመምህራኑን ደመወዝ በበጀቱ መያዙን በጽሑፍ ካረጋገጠ መሠረቱ ይቆፈር፤ ካላረጋገጠ ገንዘቡ እህል ይግዛበት።