ቀጥ ያለ ቁመናና ልብሱ

ፈጣሪ የሰውን ተክለ ሰውነት ሁሉ በአንድ ልክ አልቀረጸውምና፣ ትከሻዋ፣ ወገቧና ዳሌዋ እምብዛም ሳይበላለጡ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብለው የሚወርዱላት ሴት፣ ወገበ ቀጭን በምትመሰገንበት አገር አንድ ነገር የጎደላት እየመሰላት በመስተዋት ፊት ቆማ ስታዝን ማየት የተለመደ ነው። ለዚህ ኀዘን ተጠያቂው ገላዋ ሳይሆን ልብሱ፣ ይልቁንም ልብሱን የሰፋው ሰው በልቡናው የሣላት ሌላይቱ ሴት መሆኗን ግን እኔ በበኩሌ ደጋግሜ ለመናገር አልታክትም።

በሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ በሚሸጥባቸው ሱቆች ደጃፍ የሚቆሙትን አሻንጉሊቶች ከፊት ሳይሆን ከኋላ ዞሮ የተመለከተ ሰው ምሥጢሩን ያገኘዋል። ከፊት ሲያዩት ወገቡ ላይ ልክክ ብሎ የተቀመጠው ቀሚስ፣ ከኋላ በኩል ሦስት አራት ቦታ ተጨምድዶ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ገዢዋ ቀሚሱን እንጂ መርፌ ቁልፉን ገዝታ አትሄድምና፣ እቤቷ ገብታ ስትለብሰው ያ ወገብ የት እንደ ገባ ታጣዋለች፤ ጥፋቱንም በገላዋ ታላክካለች።

የአውሮፓ የልብስ ታሪክም ቢሆን ቀጭን ወገብን ሲያነግሥና ሲሽር የኖረ ነው። ትንፋሽ እስኪያሳጥር ድረስ ወገብን ያጠብቅ የነበረውን ኮርሴት ፖል ፕዋሬ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በፓሪስ ገሸሽ ካደረገው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ልብሱ ከትከሻ ተነሥቶ ወገብን ሳይነካ ቁልቁል ሲወርድ፣ ቀጥ ያለው ቁመና የዘመኑ የውበት መለኪያ ሆኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ክርስቲያን ዲዮር ወገቡ የጠበበ፣ ጉርዱ የሰፋ ልብስ ይዞ ሲቀርብ መንግሥቱ ወደ ቀጭን ወገብ ተመለሰ፤ በ1957 ደግሞ ባሌንስያጋ ጆንያ የተባለውን ወገብ አልባ ቀሚስ አውጥቶ እንደ ገና ነጠቀው። (ጆንያ ለብሳ ማማር የሚቻላትም ቀጥ ያለችዋ ብቻ መሆኗ ይታወስልኝ።) ከሁሉ ይልቅ ግን ለዚህ ነገር ምስክር አድርጌ የምጠራው፣ ኢቭ ሳን ሎራን እ.ኤ.አ. በ1965 የኔዘርላንዱን ሠዓሊ የፒየት ሞንድሪያንን ሥዕሎች ተከትሎ ያወጣውን ቀሚስ ነው። ነጩ፣ ቀዩ፣ ሰማያዊውና ብጫው ክፍል ለየብቻው ተቆርጦ በጥቁር መስመር እየተጋጠመ የተሰፋ ሲሆን፣ ገላን የሚከተለው ጥቂቱ ቅርጽ በእነዚያ መጋጠሚያዎች ውስጥ ተሰውሮ ልብሱ ለዓይን ቀጥ ያለ ሆኖ ይታያል። ደረቷና ዳሌዋ የሞላ ሴት ብትለብሰው መስመሩ ይጣመማል፤ ቀጥ ያለችዋ ግን ሥዕሉን እንደ ተሣለ ታቆየዋለች።

እንግዲህ በእንዲህ ያለችው ሴት ፊት ሁለት መንገድ ተዘርግቷል፤ ወይ ወገብ መሥራት፣ ወይ መስመሩን ማክበር። ሁለቱም ያምራሉ፤ የማያምረው በሁለቱ መካከል የሚዋልለው፣ ይኸውም ወገቡን በጥቂቱ ጨበጥ አድርጎ ጉርዱን ግን ሳያሰፋ የሚለቅ፣ ከገበያው ልብስ እኩሌታው የሚሆነው ልብስ ነው። ወገብ ለመሥራት የቆረጠች እንደ ሆነ፣ ዓይን ወገብን የሚለካው ከላይና ከታቹ ጋር አስተያይቶ ነውና፣ ወገቡን ከማጥበቅ ይልቅ በላዩና በታቹ ያለውን ማስፋት ይሻላታል፤ ከወገብ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ጉርድ፣ ወይም ደረት ላይ ተደራርቦ ጎን ላይ የሚታሰር ቀሚስ ያለ ብዙ ድካም ካሰበችው ያደርሳታል። በቀለሙ ከልብሱ የራቀ ሰፊ ቀበቶ ግን ገላን ለሁለት ስለሚከፍለው፣ አጠር ያለች ሴት ባትታጠቀው እመርጣለሁ። መስመሩን ላክብር ያለች ደግሞ አስቀድማ ጨርቋን ትምረጥ፤ ክብደት ኖሮት ተደፍቶ የሚወርደው ያከብራታል፣ የሚነፋውና ደርቆ የሚቆመው ግን ቀጥነቱን ወደ ሣጥንነት ይለውጥባታል። ሱሪና ኮት ለሚያዘወትሩት ብዙ የምለው የለኝም፤ ኮት የተፈጠረው ለዚህ ቁመና ይመስለኛል።

የእናቶቻችን ቀሚስ፣ አሠራሩን ልብ ብሎ ላየው፣ ሁለቱን መንገዶች በአንድነት የያዘ ነው። ሸማው እየተጋጠመ ሲሰፋ ወገብ የለውም፤ ወገቡ የሚመጣው ከመቀነቱ ነው። እነርሱም መቀነቱን በአንድ ዙር አጥብቀው አያስሩትም፤ ደጋግመው ይጠመጥሙትና ከበላዩ ያለውን ሸማ በጣታቸው ሳብ ሳብ አድርገው ጥቂት እንዲያብጥ ያደርጉታል። ያ ያበጠው ሸማ ደረትን ሲሞላ፣ ከመቀነቱ በታች የሚዘረጋው እጥፋት ዳሌን ይሠራል፤ የመቀነቱም ጫፍ ጥለቱን እያሳየ በጎን ይወርዳል። መቀነቱ ሲፈታ ደግሞ ያው ቀሚስ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ላይ ቅዱሳት አንስት በሚታዩበት ግርማ፣ ከትከሻ እስከ እግር የሚወርድ አንድ መስመር ይሆናል።

ዛሬ ዛሬ የአገር ልብስ ሳይቀር ወገቡ ላይ ተቆርጦ፣ ከኋላው ዚፕ ገብቶለት ስለሚሰፋ፣ መቀነቱ ከጌጥነት ያለፈ ሥራ ሳይኖረው ቀርቷል። ስለዚህ ለሠርግም ሆነ ለጥምቀት ቀሚስ የምታሠራ ቀጥ ያለች ሴት፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንሥቶ ልኳን ሲወስድ ወገቡ ላይ እንዳይቆርጠው፣ ጥበቡም ከአንገት እስከ እግር ሳይቋረጥ እንዲወርድ ትንገረው፤ መቀነቱ ከቀሚሱ ጋር የተሰፋ ሳይሆን ለብቻው ረዘም ተደርጎ እንዲሠራላትም ትዘዝ። ሸማኔው ጥለቱን ከመጣሉ በፊት ርዝመቱን ማወቅ አለበትና፣ ይህ ትእዛዝ የሚሰጠው ሸማው ከመሸመኑ አስቀድሞ ነው።