ግብር ሲሆን ገቢ፣ ጡረታ ሲሆን አበል

በግል ድርጅት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ወገኖቻችን፣ የወር ክፍያችሁ የሚሰላበትን ፔሮል አስተውላችሁ ተመልከቱት። መሠረታዊ ደመወዝ የሚለው በብዙ ቦታ አነስ ያለ ቁጥር ነው። ከጎኑ የቤት አበል፣ የኃላፊነት አበል እየተባለ የሚደረደረው አንዳንዴ ከደመወዙ ይበልጣል። ስሙ አበል ይሁን እንጂ በየወሩ የሚከፈል፣ የቤት ኪራይና የጤፍ ገንዘብ ነው።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ይህንን አበል፣ ነፃ ካደረጋቸው ጥቂት ክፍያዎች በስተቀር፣ ከመቀጠር የተገኘ ገቢ ብሎ ግብር ይጥልበታል። ጡረታ ላይ ስንደርስ ግን አዋጅ ቁጥር 715/2003ም ሆነ እርሱን የተካው 1268/2014፣ የአሠሪው 11 በመቶና የሠራተኛው 7 በመቶ መዋጮ እንዲሰላ ያደረጉት በደመወዙ ላይ ብቻ ነው። ለአንድ ሠራተኛ የወር ክፍያ ሁለት ሚዛን!

በወር 12,000 ብር የሚከፈለውን ሠራተኛ እንውሰድ። ደመወዙ 5,000፣ አበሉ 7,000 ነው እንበል። አሠሪው የሚያዋጣለት 550 ብር ይሆናል። ከጠቅላላ ክፍያው ቢሰላ 1,320 ይሆን ነበር። ይህ ሰው 30 ዓመት አገልግሎ በ60 ዓመቱ ሲወጣ፣ ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ለቀሪው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ተጨምሮ 55 በመቶ ይታሰብለታል። ከ5,000 ብር 55 በመቶ 2,750 ብር ነው። በ12,000 የለመደ ቤተሰብ በዚህ እንዴት ይኑር?

የሚያስገርመው፣ ያው የግብር አዋጅ አሠሪ ለጡረታ ወይም ለፕሮቪደንት ፈንድ የሚያዋጣውን እስከ ሠራተኛው ወርሃዊ ገቢ 15 በመቶ ድረስ ከግብር ነፃ ማድረጉ ነው። በምሳሌያችን አሠሪው የሚያዋጣው ከጠቅላላ ክፍያው 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጣሪያው ከፍ ብሎ ተሠርቷል፤ ችግሩ ያለው ወለሉ ላይ ነው።

አሠሪዎች ወጪ ይበዛብናል ይላሉ። እውነት ነው፣ ይበዛባቸዋል። ከሠራተኛውም በወር 490 ብር ተጨማሪ ይቆረጣል፤ በዛሬው ኑሮ ይህ ቀላል አይደለም፣ ምርጫ ስለደረሰ ብለንም አንደብቀውም። ስለዚህ ፓርቲያችን የሚያቀርበው በአንድ ጊዜ የሚወርድ ሸክም አይደለም። በየወሩ በቋሚነት የሚከፈል አበል በሕግ ከደመወዝ ይቆጠር፤ የመንገድ ውሎ አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይቅር። መጀመሪያ የአሠሪው ድርሻ፣ ቆይቶም የሠራተኛው በደረጃ ይስተካከል። ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ በመሆኑ፣ በማብቂያው ላይ ብቻ አበሉን ወደ ደመወዝ አዙሮ ሳያዋጡ መጠቀም እንዳይመጣም፣ አበሉ የሚታሰበው መዋጮ በተከፈለበት ዘመን ልክ ይሁን።

ፓርላማ ከገባን በአዋጁ ውስጥ «ደመወዝ» የሚለውን ትርጉም የሚያሻሽል ረቂቅ እናቀርባለን። ለድምፃችሁ የሚመጡትን ሌሎች ዕጩዎችም በዚህ ላይ አቋማቸውን ጠይቋቸው።