ለወጣቶቻችን አገልግሎት ማንን እንምረጥ?

የሰንበት ትምህርት ቤት ኮሚቴ የሚመረጥበት ቀን ሲደርስ በየደብሩ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲቸኩል አንድ ሰው ይነሣና «ፈቃደኛ የሆነ እጁን ያውጣ» ይላል። ጉባኤውም ዝም ይላል። በመጨረሻ እምቢ ማለትን ያፈረው፥ መታየትን የወደደው፥ በዕለቱም ያልተገኘው ሰው ይመረጣሉ። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ሥራው ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ወድቆ ይገኛል፤ ከዚያም «ወጣቶቹ ጠፉ» እየተባለ ይታዘናል።

የዚህ ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት ንፋስ መውጫን እንመልከት። ይህች የላይ ጋይንት ከተማ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች በእንዲህ ያለ ከተማ ቤት ተከራይተው፥ ስንቃቸውን ከወላጆቻቸው ቤት እያመጡ ይማራሉ፤ የሚገሥጻቸውም የሚያጽናናቸውም ዘመድ አጠገባቸው የለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ከተማይቱ ደርሶ ነበር፤ በእነዚያ ቀናት በሴቶች ላይ የተፈጸመውንም ግፍ የሰብአዊ መብት መርማሪዎች መዝግበውታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት የብዙ ልጆች ትምህርት ተቋርጧል። በእንዲህ ያለ ዘመን ላደገ ልጅ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የሚያጠናበት ስፍራ ብቻ አይደለም፤ የልቡን የሚነግረው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት የሚያገኝበት ቤት ነው። እንግዲህ እዚያ የሚጠብቀው ሰው ማን እንደ ሆነ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። የጋይንት አገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምንጭ ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፥ ድጓም በቤተ ልሔም ይመሰከራል። የድጓ ተማሪ ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ እንኳ ቤተ ልሔም ሄዶ ሳያስመሰክር መምህር ነኝ አይልም። አባቶቻችን ለዜማው እንዲህ ከተጠነቀቁ፥ እኛ ለልጆቻችን ነፍስ ያገኘነውን ሰው ሁሉ ያለ ምስክር ማስቀመጣችን እንዴት ይሆናል?

ሐዋርያትም ማዕዱን የሚያገለግሉ ሰዎች ባስፈለጉ ጊዜ ፈቃደኛ ማን ነው ብለው አልጠየቁም፤ መልካም ምስክር ያላቸውን ሰባት ሰዎች ከመካከላቸው እንዲመርጡ ሕዝቡን አዘዙ እንጂ። የሰዎቹ ቍጥር ታውቋል፥ ሥራው ታውቋል፥ የሚፈለግባቸውም ጠባይ ታውቋል። የእኛም ምርጫ በዚህ መንገድ ቢሄድ መልካም ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ ሥራው ይለይ። «ኮሚቴ ግባ» የተባለ ሰው ምን እንደሚጠበቅበት ስለማያውቅ ይፈራል። «በየእሑዱ ለሕፃናቱ ሁለት ሰዓት ታስተምሪልናለሽ» ወይም «የገንዘቡን መዝገብ ለአንድ ዓመት ትይዝልናለህ» የተባለ ግን አስቦ ይመልሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፤ ሥራው ከተከፋፈለ የሚሸከመው አይታጣም።

ሁለተኛ፥ ሳይጠሩት የሚሠራውን ሰው እንፈልግ። ከጉባኤ በኋላ ወንበር የምትሰበስበው ልጅ፥ የታመመ ጎረቤት የሚጠይቀው መምህር፥ በሚዛኑ የማይታማው ነጋዴ፥ እነዚህ ሥራ የሚበዛባቸው ናቸው፤ ነገር ግን የጀመሩትን መጨረስ ያውቃሉ። እጃቸውን የማያወጡትም ብዙ ጊዜ ስለማይፈልጉ ሳይሆን ሰው ስላልጠየቃቸው ነው። እንግዲህ በዐደባባይ ከመለፈፍ ይልቅ አንድ ካህንና አንድ የኮሚቴ አባል ቤታቸው ድረስ ሄደው፥ ስለ ምን እንደ ተመረጡ ገልጠው በአክብሮት ይለምኗቸው። ለማሰብም ጊዜ ይስጧቸው።

ሦስተኛ፥ ምስክርና ፈተና አይቅር። የንስሐ ልጅነቱን፥ የጎረቤቱን አስተያየት፥ በልጆች ፊት ያለውን ጠባይ እንጠይቅ። የተመረጠውም ሰው ጥቂት ወራት ከነባር አገልጋይ ጋር ይሥራ እንጂ ወዲያው ቍልፍና ገንዘብ አይሰጠው። ገንዘብ የሚቀበለውና መዝገብ የሚጽፈውም ሁለት ሰዎች ይሁኑ። ማንም አገልጋይ ከልጅ ጋር በተዘጋ ቤት ብቻውን እንዳይቀመጥ ደንብ ይውጣ፤ ይህ ሰውን መጠርጠር ሳይሆን ልጁንም አገልጋዩንም መጠበቅ ነው።

አራተኛ፥ እኅቶችን አንርሳ። ብዙ ኮሚቴዎች ሴት ልጅ ለመስተንግዶ ይጠሯታል፤ ምክር ሲሆን ግን ይረሷታል። ግፍ የደረሰባት ልጅ ጕዳቷን ለወንዶች ጉባኤ አትናገርም፤ የምታምናት እኅት ከተገኘች ግን ወደ ሐኪምም ወደ ንስሐ አባትም የምትወስዳት አላት ማለት ነው።

በመጨረሻም የመረጥነውን ሰው እናስተምረው። ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ካልዕ በ1982 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ወጣቶችን በክረምት እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር፤ ከእርሳቸው የተማሩትም በየስፍራው አገልጋዮች ሆነዋል። ጊዜው ከባድ፥ ገንዘቡም ጥቂት ነበር፤ ቢሆንም ተተኪ ማዘጋጀትን ለነገ አላሉም።

በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ በሰበካ ጉባኤ ውስጥ ከካህናትና ከምእመናን ጋር የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ስፍራ እንዲኖራቸው ያደርጋል፤ የሰበካ ጉባኤውም የአገልግሎት ዘመን ሦስት ዓመት ነው። ለኮሚቴውም ሥራ እንዲህ ያለ ወሰን መኖሩ ይጠቅማል፤ መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ለመጀመር አይፈራምና። ዘመኑን የፈጸመውን በሕዝብ ፊት አመስግኖ ማሰናበትም ተተኪውን ያበረታታል።

እናንተም ወላጆች፥ በጋይንትም ሆነ በስማዳ፥ በእስቴም ሆነ በሌላ አገር ያላችሁ፥ ልጃችሁ ለአገልግሎት ስትጠራ «ሥራ አለባት» ብላችሁ አትከልክሉ፤ ሰዓቷን ከእርሷ ጋር ሆናችሁ አደላድሉላት። ከመጪው ምርጫ በፊትም በቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምታምኗቸውን የሦስት ሰዎች ስም ጻፉና ለደብሩ አስተዳዳሪ ስጡ። ልጃችንን አደራ የምንሰጠው ሰው በአንድ እሑድ ጥድፊያ የሚገኝ አይደለምና፥ ፍለጋውን ከዛሬ እንጀምር።