«ተመለስ» እና «ይመለሱ»

«ነገ ተመለስ» የሚለው የመሥሪያ ቤት መልስ ሲነሣ ሁላችንም የምንማረረው በ«ነገ» ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ «ተመለስ» ነው። ስለ «ክቡር» መብዛት በዚህ ዓምድ ብዙ ብያለሁ፤ ሰሞኑን የሚያንገበግበኝ ግን የዚያው ነገር ሌላው ጫፍ ነው፤ ማዕረጉ ሁሉ ወደ ላይ ሲከመር ታች ላለው ሰው ምን ይቀርለታል? ከብርብር ወይም ከዋጂፎ ዙሪያ የተነሡ አንድ የምዕራብ ዓባያ ሽማግሌ፣ ሙዝና ማንጎ አልምተው የኖሩ ሰው፣ ለመሬት ይዞታ ጉዳይ ወደ አንዱ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ የሚሆነውን ልብ በሉ። ማመልከቻቸው ላይ «አመልካች አቶ እገሌ» ተብለዋል። ጉዳዩን የሚያስተላልፈው ደብዳቤ «ጠይቀዋል»፣ «አቅርበዋል»፣ «እንዲስተናገዱ» እያለ በአንቱታ ይጽፍላቸዋል፤ ከግርጌው «ከሰላምታ ጋር» ይልና ማኅተም ያርፍበታል። ያንን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ቀና ብሎ በአፉ የሚላቸው ግን «ምን ፈለግክ?»፣ «ፎቶ ኮፒ አድርገህ ና»፣ «ነገ ተመለስ» ነው። ወረቀቱ አንቱ ያላቸውን ሰው፣ በዕድሜ የልጅ ልጃቸው የሚሆን ወጣት አንተ ይላቸዋል። እሳቸውም «እሺ ጌታዬ፣ እርስዎ እንዳሉ» ብለው ይወጣሉ። ይህ የአንድ ወረዳ ነውር አይደለም፤ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላው ክልል መስኮቱ ያው መስኮት ነው። ምዕራብ ዓባያን ያነሣሁት እዚያ ነገሩ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

መጀመሪያ የሚቀርበው ማስተባበያ ቋንቋ ነው። «አማርኛ ለአካባቢው ሰው ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ አንተና እርስዎ ቢምታቱበት አይፈረድበትም» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። የአካባቢው ቋንቋ ጋሞኛ ፊት ለፊት ያለን ሰው በጾታ አይለይም፤ ወንዱም ሴቷም ያው «ኔ» ናቸው። በዚህ ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው አማርኛ ሲናገር ሴትዮዋን «ና» ቢላት ጥፋት የለበትም፤ በዚህ የሚስቅበት ሰው ነው ነውረኛው። የአንቱታው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የዞን ኃላፊ በሩ ላይ ብቅ ሲል ያው ሠራተኛ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ይላል፤ ምላሱ አይደናቀፍም። ነገሩ የቋንቋ ችግር ቢሆን ወደ ላይም ይስት ነበር፤ አንድ ቀን አስተዳዳሪውን «ነገ ተመለስ» ባለው ነበር። ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ የሚስት አንደበት ቋንቋ ጠፍቶበት አይደለም፤ መርጦ ነው። ምርጫውም በምን እንደሚመራ ለማየት ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቶ የሶዶና የአርባ ምንጭን መንገድ መሻገር ይበቃል። ሙዝ በመኪና ወደ አዲስ አበባ የሚጭነው ነጋዴ ያንኑ ሽማግሌ «አባቴ፣ ስንት ይሉኛል? ይቀንሱልኝ» ይላቸዋል። ሰውየው ያው ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ልብሳቸውም ያው ነው። የሚሸጡት ነገር ሲኖራቸው እርስዎ ይሆናሉ፤ ማኅተም ሲያስፈልጋቸው አንተ ይሆናሉ።

ይህ አነጋገር ለጋሞ ባህል ባዕድ መሆኑም ሊነገር ይገባል። በጋሞ ምድር ሰው ከሰው የሚነጋገርበት ደንብ ከመሥሪያ ቤት በፊት የነበረ ነው። ዱቡሻ በሚባለው የመሰብሰቢያ ሜዳ ሸንጎ ሲቀመጥ ተራ ይጠበቃል፤ ሀላቃ ተብሎ የተሾመ ሰው በድግስና በአገልግሎት ክብሩን ያገኛል፣ ጊዜው ሲደርስ ለሌላው ያስረክባል። ለአባት «አዋ»፣ ለወንድም «ኢሻ» የሚሉት ቃላት የደም ዝምድና ለሌለውም የሚዘረጉ ናቸው። የዚህ ደንብ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ አገር ሁሉ ያየው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ተወላጆች ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ሣር የያዘ አባት ተንበርክኮ እያለ ተሻግሮ ማለፍ በባህሉ የማይሞከር ነው፤ ወጣቶቹ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ «የጋሞ አባቶች» የሚለው አጠራር ከአካባቢው አልፎ የመላው አገር ሆነ። አባት መባል እንዲያው የጨዋታ ቃል ቢሆን ኖሮ የተቆጣን ወጣት አይመልስም ነበር። እነዚያን ሽማግሌዎች በአደባባይ አባቶች ብሎ ማመስገን፣ እኩዮቻቸውን ደግሞ በመስኮት «ና» እና «ሂድ» እያሉ ማመላለስ፣ ለእኔ አብረው የሚሄዱ ነገሮች አይደሉም።

ወዲህ ደግሞ ታሪክ አለ፤ አልሸሸውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጋሞ ደጋና ቆላ በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ፣ አማርኛ ለብዙው ገበሬ የደረሰው በጌታና በገባር መካከል ባለ ንግግር ነው። ገባሩ «ጌታዬ» ይላል፣ ጌታው «አንተ» ይላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ገባርነት በሕግ ቀረ፤ ግራዝማችና ባላምባራስ ማለትም ከመንግሥት አፍ ወጣ። ደርግ በምትካቸው «ጓድ»ን አመጣ። የሐሳቡን ቁም ነገር አልንቅም፤ ሁሉን በአንድ ስም መጥራት ደግ ምኞት ነው። ችግሩ «ጓድ» ራሱ ማዕረግ ለመሆን ብዙ አለመቆየቱ ነው። «ጓድ ሊቀ መንበር» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ «ተናገሩ»፣ «አስገነዘቡ» ነበር፤ ለገበሬ ማኅበር አባሉ ግን «ተናገር» እንደነበረ ቀረ። በአማርኛ ክብር የሚያድረው ከስም ፊት በሚቀጠል ማዕረግ ላይ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ማደሪያው ግሡ ነው። «አባባ፣ ነገ ተመለስ» ያለ ሰው በ«አባባ» የሰጠውን በ«ተመለስ» ነጥቋል። ስለዚህ ስም በመለዋወጥ ብቻ ይህን ነገር ማስተካከል አይቻልም።

ጠንከር ያለ ክርክር የሚያነሡት «አንተ የፍቅር ቃል ነው» የሚሉት ናቸው። እግዚአብሔርን በጸሎት አንተ እንላለን፤ ብዙዎቻችን እናታችንን አንቺ እንላለን፤ «አንቺ ትብስ፣ አንተ ትብስ» የምንለውም መተሳሰብን ለማመስገን ነው። ትክክል ነው። ግን የፍቅር አንተ መለያው ሊመለስ መቻሉ ነው። ሁለት ሰዎች ተቀራርበው «አንቱታው ይቅርብን» ይባባላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም አንተ ይባባላሉ። በመስኮቱ በኩል ግን ሽማግሌው አንተ ብለው ቢመልሱ ጉዳያቸው ምን እንደሚሆን አንባቢ ያውቃል። ስዊድናውያን ይህን ነገር በሌላ መንገድ ፈትተውታል፤ በፈረንጆች 1967 የአገሪቱ የጤና አስተዳደር ኃላፊ የነበሩት ብሮር ሬክሴድ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ አንተና አንቺ እንደሚሉና እነሱም እንዲሁ እንዲሏቸው ተናገሩ፤ ያ ልማድ ቀድሞ ተጀምሮ ስለነበር በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሩን አዳረሰው። ያ የሠራው አለቃውም አብሮ ስለወረደ ነው። የእኛ ሚኒስትርና የእኛ አስተዳዳሪ በሠራተኛውና በገበሬው አንተ ለመባል ቢስማሙ እኔም ክርክሬን አነሣለሁ። እስከዚያው ገበሬው ወደ እነሱ ከፍ ይበል፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ መመሪያም አያስፈልገውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 ማንኛውም ሰው ክብሩ የመከበር መብት እንዳለው ጽፏል፤ ያ መብት ከመስኮቱ ቢጀምር ምን ይጎዳል? «እርስዎ ያርቃል፣ ያስረጃል» የሚሉ ወጣቶችም አሉ። ለሚያውቁት ሰው እንደፈለጉ ይበሉ። ለማያውቁት ባለጉዳይ፣ ሽማግሌም ይሁን የሃያ ዓመት ልጅ፣ የመጀመሪያው ግሥ በአንቱታ ይሁን፤ ባለጉዳዩ ራሱ «አንተ በለኝ» ካለ ያኔ ይለወጥ።

ለጋሞኛ ተናጋሪው ደግሞ እርስዎ አንድ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ጥቅም አለው። «ና» ወይስ «ነይ»፣ «ጻፍ» ወይስ «ጻፊ» እያለ የሚጨነቅ ሰው «ይምጡ»፣ «ይጻፉ» ሲል ከጭንቀቱ ይገላገላል፤ እርስዎ ጾታ የለውምና። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያገለግል ሠራተኛ ከባድ የሚባለው አንቱታ በዚህ በኩል ቀላሉ መንገድ ነው። ለሴቶች ያለው ዋጋ ከዚህም ይበልጣል። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ሠራተኛ ሴት ስትሆን ባለጉዳዩ ራሱ፣ ወንዱን የሥራ ባልደረባዋን እርስዎ ያለው ሰው፣ ዞር ብሎ «አንቺ ልጅ» ይላታል፤ ሲያሻው «የኔ ቆንጆ»ን ይጨምርበታል። ለእሷም የመጀመሪያው ግሥ «ይመልከቱልኝ» ነው መሆን ያለበት።

ሴቶችን ካነሣን ዘንድ፣ ከላይ በአንቱታው ያመሰገንኩት ወረቀትም ለእነሱ እንከን አለበት። ወንድ ቅጽ ሲሞላ «አቶ» ነው፣ አለቀ፤ ያግባ አያግባ የሚጠይቀው የለም። ሴት ግን «ወ/ሮ» ወይስ «ወ/ሪት» ተብላ ለማንጎ ችግኝ ማመልከቻም ቢሆን ትዳሯን ታስመዘግባለች። በአርባ ዓመቷ መሬት ቆፍራ፣ ግብር ከፍላ የምትኖር ሴት ባል ስለሌላት «ወይዘሪት» ተብላ ትጻፋለች፤ የሃያ ዓመት ሙሽራ «ወይዘሮ» ናት። «ወይዘሮ» ግን ዱሮ የትልቅ ቤተሰብ ሴት መጠሪያ እንጂ የትዳር ማረጋገጫ አልነበረም፤ ከትዳር ጋር የታሰረው በኋላ ነው። የታሰረ ነገር ይፈታል። የወረዳም ሆነ የቀበሌ ቅጽ ሲታተም ለዐዋቂ ሴት ሁሉ «ወይዘሮ» ብቻ ይጻፍ፤ የትዳር ሁኔታ የሚያስፈልገው ጉዳይ ካለ ለብቻው በራሱ ሣጥን ይጠየቅ።