ፋኑን ቆጥቦ ቀለም መግዛት

ቢሾፍቱ ቤት ሊገዛ ለሄደ ሰው ደላላው ደጋግሞ የሚያሳየው ሳሎኑን፣ ግቢውንና ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ግን ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋል። ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፤ ውሃው ይወርዳል፤ ነገሩ አለቀ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን የባለንብረቱ ገንዘብ የሚያፈሰው እዚያው ላይ ነው።

ቦታ ለመቆጠብ ሲባል መታጠቢያ ቤቱ በክፍሎች መሐል ይሠራል፤ መስኮት አይኖረውም። ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ከተማ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የሻወሩ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ግድግዳና ኮርኒስ ሲነካ ውሃ ይሆናል። መውጫ ካጣ ቀለሙ ይላጣል፤ ኮርኒሱ ይሻግታል፤ ሽታው መኝታ ቤት ይገባል። ባለቤቱም ጥፋቱን በቀለሙ አሳብቦ እንደገና ያስቀባል።

መድኃኒቱ የአየር ማስወጫ ፋን ነው። ወጪው ያስፈራል እንዳይባል እናስላው። ባለ 20 ዋት ፋን በቀን 2 ሰዓት ቢሠራ በወር የሚፈጀው 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 1,500 ዋት የውሃ ማሞቂያ ይህንኑ በ48 ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ታዲያ ለምን አይገባም? ከፋዩ ሌላ፣ ተጎጂው ሌላ በመሆኑ ነው። ሠርቶ የሚሸጠው ሰው ፋኑን ቢተው ትርፉ የራሱ ነው፤ ሻጋታው የሚወጣው ገዢው ቁልፍ ከተረከበ በኋላ ነው። ቤቱ በሚታይበት ቀን መታጠቢያ ቤቱ ደረቅ ነውና።

ፋን ተገጥሟል ማለትም ብቻውን አይበቃም። ቱቦው ኮርኒስ ውስጥ ከቀረ እርጥበቱን ከታች ወደ ላይ ማዛወር ነው፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል። ቱቦው በአጭሩ፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ፣ ግድግዳውን አልፎ መውጣት አለበት። ከበሩ ሥር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ካልተተወም ፋኑ የሚስበው አየር አያገኝም። 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ከፍታ ላለው ክፍል በሰዓት ቢያንስ 60 ሜትር ኩብ አየር የሚያወጣ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ሥራው ለባለሙያ ይተው፤ እርጥብ ቦታ ነው።

ገዢም ሆነ ተከራይ ቀላል መፈተኛ አለው። ፋኑን አስነስቶ ሶፍት ያስጠጋበት። ሶፍቱ ካልተለጠፈ ዋጋ ይደራደር። ከዚያም ወደ ውጭ ወጥቶ የቱቦውን አፍ ይፈልግ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአቡሴራ ሊገነባ ላቀደው ኤርፖርት የዲዛይን ውል ከተፈረመበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ቢሾፍቱን የሚያማትር ባለገንዘብ ጥቂት አይደለም። ገስት ሃውስም ሆነ ኪራይ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሁሉ ቀዳዳውን ከልስን በፊት ያስወጣ። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ መብሳት እጥፍ ድርብ ወጪ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል እንዲህ ነው።